ልዩ እንክብካቤ የሚሻ የማደጎ ልጅ አስተዳደግ

ገላጭ ድርሰት አንድ ነገር ምን እንደሆነ፣ ከምን እንደሚመጣና እንዴት እንደሚሠራ በቅደም ተከተል የሚያስረዳ የጽሑፍ ዓይነት ነው። የሚከተለው ምንባብ ለዚሁ ምሳሌ እንዲሆን ቀርቧል። ተማሪዎች፣ በመጀመሪያ ድምፅ ሳታሰሙ አንብቡት፤ ቀጥሎም ከመጨረሻው የተሰጡትን መልመጃዎች ሥሩ።

ምንባብ

የሌላን ሰው ልጅ እንደ ራስ ልጅ አድርጎ ማሳደግ በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የኖረ ልማድ ነው። በአማራው ኅብረተሰብ ዘንድ አሳዳጊው በጡቱ ወይም በጣቱ ላይ ማር ቀብቶ፣ ሽማግሌዎች በተገኙበት ልጁን ያጠባዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንደኛው የጡት አባት ወይም የጡት እናት፣ ሌላው የጡት ልጅ ይባላሉ። በኦሮሞ ኅብረተሰብ ደግሞ የሌላን ሰው ልጅ የራስ የማድረግ ሥርዓት ጉዲፈቻ ይባላል፤ ቃሉም ወደ አማርኛ ገብቶ ዛሬ በሕግ ጭምር ይሠራበታል። ሥርዓቱ ቢለያይም ቁም ነገሩ አንድ ነው፤ ይኸውም ያልወለዱትን እንደ ወለዱት አድርጎ መቀበል ነው። ይሁን እንጂ ማሩ የሚቀባው በአንድ ቀን ሲሆን፣ ልጅነቱ የሚጸናው ግን በየዕለቱ በሚደረግ እንክብካቤ ነው። ይህም ይበልጥ የሚታወቀው ልጁ የተለየ ትዕግሥትና ዘዴ የሚጠይቅ ሆኖ ሲገኝ ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። መካነ ኢየሱስ በደቡብ ጎንደር፣ በእስቴ አገር የምትገኝ ከተማ ናት። በዚያች ከተማ የምትኖር አንዲት ሴት የሟች እህቷን የሦስት ዓመት ወንድ ልጅ ለማሳደግ ወሰደች እንበል። ልጁ ስሙ ሲጠራ ዘወር አይልም፤ ከሁለትና ከሦስት ቃላት በላይም አይናገርም። የሱፍ ባና ሲያለብሱት እሳት የነካው ይመስል ገፍፎ ይጥለዋል። ወፍጮ ቤት ይዛው ስትሄድ፣ ሞተሩ ገና ሲነሣ ጆሮውን በእጆቹ ደፍኖ ይጮኻል። በገበያ ቀን ሕዝብ በበዛበት ቦታ መሬት ላይ ወድቆ ይንፈራገጣል። ከጎረቤቶቿ መካከል አንዷ፣ «አጉል ማቀማጠልሽ ነው፤ ቅጣት ያሻዋል» ትላታለች። ሁለተኛዋ፣ «ዐይነ ጥላ ሳይሆን አይቀርም» ትላለች። ሦስተኛዋ ደግሞ፣ «እቴ፣ በሰው ልጅ ምን አደከመሽ? ለአባቱ ወገኖች መልሽው» ብላ ትመክራታለች። እንግዲህ ይህች ሴት ማንን ትስማ?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት በቅድሚያ የስሜት ሕዋሳትን አሠራር መረዳት ያስፈልጋል። ሰው ዐይን፣ ጆሮ፣ አፍንጫ፣ ምላስና ቆዳ የተባሉ አምስት የስሜት ሕዋሳት እንዳሉት ሁላችንም ተምረናል። ከእነዚህ ሌላ ብዙም የማይነገርላቸው ሁለት ስሜቶች አሉ። አንደኛው በውስጠኛው የጆሮ ክፍል የሚገኘውና ሚዛናችንን የሚጠብቀው ነው። ሁለተኛው በጡንቻዎችና በመገጣጠሚያዎች ውስጥ ያለው ሲሆን፣ እጃችንና እግራችን የት እንዳሉ ሳናይ እንድናውቅ ያስችለናል። ዐይኑን ጨፍኖ ጣቱን ወደ አፍንጫው የሚወስድ ሰው የሚመራው በዚህ ነው።

እነዚህ ሁሉ ያገኙትን መልእክት ወደ አንጎል ይልካሉ። አንጎልም የሚያስፈልገውን ከማያስፈልገው እየለየ ይቀበላል። ለምሳሌ ያህል፣ ይህን ምንባብ እስካሁን ስታነቡ የለበሳችሁት ልብስ ገላችሁን እንደሚነካ አላስተዋላችሁም፤ አንጎላችሁ ጉዳዩን ወደ ጎን ትቶት ነበርና። በአንዳንድ ልጆች ዘንድ ግን ይህ የመለየት ሥራ በተለመደው መንገድ አይከናወንም። ለአንዱ ልጅ ትንሹ ድምፅ እንደ ነጎድጓድ ይሰማዋል፤ የሱፉ ሻካራነትም እንደ እሾህ ይወጋዋል። ለሌላው ደግሞ መልእክቱ ደክሞ ስለሚደርሰው ሲጠሩት አይሰማም፤ ሲቆስልም አያለቅስም። ሦስተኛው ስሜቱ አልጠግብ ብሎት ያለማቋረጥ ሲዘል፣ ሲሽከረከርና ዕቃ ሲያላምጥ ይውላል። እነዚህ ሦስት ጠባዮች በአንድ ልጅ ላይ ተቀላቅለው ሊታዩም ይችላሉ። ጂን ኤይርስ የተባለች አሜሪካዊት ባለሙያ ይህን ችግር የሚመለከት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1972 አሳትማለች። የሕክምናው ዘዴ እስከ ዛሬ ድረስ ባለሙያዎችን የሚያከራክር ቢሆንም፣ የልጆቹ ሥቃይ እውነተኛ ስለመሆኑ ግን ክርክር የለም። እንግዲህ በወፍጮ ቤት የሚጮኸው ሕፃን ቀበጥ ሳይሆን የታመመ ጆሮ እንዳለው ሰው የሚሠቃይ ልጅ ነው።

የችግሩ መነሻ አንድ ብቻ አይደለም። በወሊድ ጊዜ የሚደርስ የአየር እጥረት፣ እንደ ማጅራት ገትር ያለ ሕመም፣ ከፍተኛ የምግብ እጥረት የልጅን እድገት ሊያዘገዩ ይችላሉ። በብዙ ደጋማ አካባቢዎች እንቅርትን የሚያመጣው የአዮዲን እጥረትም፣ እናቲቱ በእርግዝናዋ ወራት ካገኛት፣ የፅንሱን አንጎል ይጎዳል። በአገራችን ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ በ2003 ዓ.ም. የወጣው በዚሁ ምክንያት ነው። ኦቲዝም የሚባለው የአንጎል እድገት ልዩነትም አንዱ ሲሆን፣ ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ልጆች ድምፅን፣ ብርሃንን ወይም መነካትን አጥብቀው ይሸሻሉ። ሆኖም ድምፅ የሚያስፈራው ልጅ ሁሉ ኦቲዝም አለበት ማለት አይደለም።

በማደጎ ልጅ ላይ ሌላ ምክንያት ሊታከል ይችላል፤ እርሱም በጨቅላነት ዕድሜ እቅፍና ፍቅር ማጣት ነው። በ1982 ዓ.ም. በሩማኒያ የነበረው መንግሥት ሲወድቅ፣ በሕፃናት ማሳደጊያዎች ውስጥ ታጉረው የነበሩ እጅግ ብዙ ልጆች ተገኙ። እንግሊዛውያን ቤተሰቦች ከሩማኒያ የወሰዷቸውን 165 ልጆች ተመራማሪዎች እስከ ጎልማሳነት ድረስ ተከታተሏቸው። ስድስት ወር ሳይሞላቸው የተወሰዱት በአመዛኙ እንደ ሌሎች ልጆች አደጉ። ከዚያ በላይ በማሳደጊያው የቆዩት ግን ብዙዎቹ ለረጅም ዘመን የሚዘልቅ ችግር ታየባቸው። ሆኖም ከእነዚህም መካከል ምንም ችግር ያልታየባቸው ነበሩ። ከዚህ የምንረዳው የቤተሰብ ፍቅር ቶሎ ሲደርስ ብዙ እንደሚያድን፣ ዘግይቶ ቢደርስም ከንቱ እንደማይሆን ነው። ከላይ በተዘረዘሩት ምክንያቶች ውስጥ የልጁ ጥፋት ወይም የአሳዳጊዋ ኃጢአት እንደሌለበትም ልብ በሉ።

ምክንያቱ ይህን ያህል ልዩ ልዩ ከሆነ፣ የአሳዳጊዋ የመጀመሪያ ተግባር ልጁን ማስመርመር ይሆናል። ሲጠሩት ዘወር የማይል ልጅ ምናልባት መስማት የተሳነው ሊሆን ስለሚችል ከሁሉ በፊት ጆሮው መመርመር አለበት። ቀጥሎም የዕድሜውን ደረጃ መመልከት ይገባል። አብዛኞቹ ልጆች እስከ አሥራ ስምንት ወር ባለው ጊዜ ብቻቸውን መራመድ ይጀምራሉ፤ ሁለት ዓመት ሲሞላቸውም «ውሃ ስጪኝ» እንደሚለው ሁለት ቃላትን ያጣምራሉ። ከዚህ በጣም የዘገየ ልጅ በቀበሌው ለምትገኘው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ከዚያም ለሐኪም ሊታይ ይገባዋል። አስፈላጊ ሲሆን ወደ ደብረ ታቦር ወይም ወደ ጎንደር ይላካል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያሉ ልጆች መልበስን፣ መብላትንና መጫወትን እንዲለምዱ የሚረዱ ባለሙያዎችን የሚያወጣ ትምህርት መጀመሩ ለአካባቢው ትልቅ ተስፋ ነው። ቤተሰቡ ልጁን ወደ ጠበል ቢወስደውም ሕክምናውን ማቋረጥ አይገባውም። ቀዝቃዛ ውሃ በድንገት ሲፈስበት የሚደነግጥ ልጅ ከሆነም አስቀድሞ ሊነገረውና ቀስ ተብሎ ሊለማመድ ያስፈልገዋል።

ከሕክምናው ሌላ ዋናው ሥራ የሚሠራው በቤት ውስጥ ነው። ለዚህም ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ማስተዋል ነው። በመጀመሪያ ልጁን ምን እንደሚያስጮኸውና ምን እንደሚያረጋጋው ለጥቂት ሳምንታት መከታተል ይገባል። ባናው የሚወጋው ከሆነ ከውስጥ በመታጠብ የለሰለሰ የጥጥ ልብስ ማልበስ ይቻላል። የወፍጮው ድምፅ የሚያስፈራው ከሆነ ከዘመድ ጋር እቤት ማስቀረት፣ ወይም ከሩቅ እየሰማ ቀስ በቀስ እንዲለምደው ማድረግ ይሻላል። አዲስ ምግብም ከሚወደው ምግብ አጠገብ በጥቂቱ ሊቀርብለት ይገባል እንጂ በግድ ወደ አፉ ሊገባ አይገባም። እናቶቻችን ልጅ ሲያለቅስባቸው በአንቀልባ ጠበቅ አድርገው ማዘላቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሰውነትን ጠበቅ የሚያደርግ ነገርና ዝግ ያለ እንቅስቃሴ ብዙ ልጆችን ያረጋጋሉ። ከፍ ያለ ልጅ በጋቢ ቢጠቀለል፣ ወይም እንደ ዐቅሙ ውሃ ቢሸከምና እንጨት ቢያቀብል ተመሳሳይ ጥቅም ሊያገኝ ይችላል። የዕለቱ ሥራ ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል ቢከናወን፣ ንግግሩም አጭርና ግልጽ ቢሆን ልጁ የሚመጣውን ስለሚያውቅ ፍርሃቱ ይቀንሳል። ዱላ ግን ለልጁ አንድ ተጨማሪ ሥቃይ ከመሆን በስተቀር የሚያስተምረው ነገር የለም።

የማደጎ ልጅ በዚህ ላይ አንድ ስውር ሥጋት አለበት፤ አንድ ጊዜ ያጣውን ቤት ዳግመኛ እንዳያጣ ይፈራል። ስለዚህ «እመልስሃለሁ» የሚለው ቃል በቁጣ ጊዜ እንኳ ከአሳዳጊ አፍ መውጣት የለበትም። የወላጆቹም ነገር ከእርሱ ሊሰወር አይገባም፤ ዕድሜው በፈቀደ መጠን ስለ እናቱ በመልካም ሊነገረው ይገባል። ሕጉም ቢሆን ከልጁ ጋር ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ እንደሚያዘው፣ ጉዲፈቻ የሚጸናው ፍርድ ቤት ሲያጸድቀው ነው። ከጸደቀ በኋላም ሊፈርስ የሚችለው፣ አሳዳጊው ልጁን እንደ ባሪያ ቢያሠራው ወይም የወደፊት ሕይወቱን በሚጎዳ ሁኔታ ቢይዘው ነው። ይህም ማለት የአሳዳጊው በደል ጉዲፈቻን ያፈርሳል፤ የልጁ ድካም ግን አያፈርሰውም። የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል። ከዚህም ሌላ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2010 ዓ.ም. ሕፃናትን ለውጭ አገር ሰዎች በጉዲፈቻ መስጠትን ከልክሏል። ስለሆነም ወላጅ ያጡ ልጆችን፣ ልዩ እንክብካቤ የሚሹትን ጭምር፣ የማሳደጉ ኃላፊነት በአገር ውስጥ ባሉ ቤተሰቦች ላይ ወድቋል።

በዚህ ረገድ የወይዘሮ ዘሚ የኑስ ሥራ በምሳሌነት ሊጠቀስ ይገባል። ወይዘሮ ዘሚ ልጃቸው ኦቲዝም ያለበት በመሆኑ፣ በአገራችን ስለዚህ ነገር የሚያውቅ ሰው እጅግ ጥቂት በነበረበት ጊዜ ልጃቸውን ከቤት መደበቅን አልመረጡም። እ.ኤ.አ. በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን በማቋቋም በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። እንዲሁም የፊደላችንን ድምፆች መሠረት ያደረገ፣ አቡጊዳ ፎነቲክስ የተባለ የንግግር ማስተማሪያ ዘዴ አዘጋጁ። በ2013 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስም ወላጆች ልጆቻቸውን ከተዘጋ በር ወደ አደባባይ እንዲያወጡ ሲያስተምሩ ኖረዋል።

ወደ መጀመሪያው ምሳሌያችን እንመለስ። የመካነ ኢየሱሷ ሴት የሦስቱንም ጎረቤቶቿን ምክር ትታ የልጁን ጠባይ ብታጠና፣ ከዓመት በኋላ ልጁ እንደ እኩዮቹ ይሆናል ብሎ ተስፋ መስጠት አይቻልም። ነገር ግን አንድ ቀን በልስልሱ ልብስ ላይ ባናውን ደርቦ ያድር ይሆናል፤ ሌላ ቀን ስሙ ሲጠራ ቀና ይል ይሆናል። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ የእንዲህ ያለ ልጅ እድገት የሚለካው ከጎረቤት ልጅ ጋር ሳይሆን ከራሱ ትናንት ጋር ነው። የተማሪዎችም ድርሻ ቀላል አይደለም። በሰፈርም ሆነ በትምህርት ቤት ጆሮውን ደፍኖ የሚጮኽ ልጅ ስታዩ ከመሳቅ ተቆጥባችሁ ድምፁን ብትቀንሱለት፣ ማር የቀባችው የጡት እናት የጀመረችውን ሥራ ታግዛላችሁ።

መልመጃ

ሀ. የማስተዋል ጥያቄዎች
1. «ማሩ የሚቀባው በአንድ ቀን ሲሆን፣ ልጅነቱ የሚጸናው ግን በየዕለቱ በሚደረግ እንክብካቤ ነው» ሲባል ምን ማለት ነው?
2. ከአምስቱ የስሜት ሕዋሳት ሌላ የተጠቀሱት ሁለቱ ስሜቶች የትና የት ይገኛሉ? ጥቅማቸውስ ምንድን ነው?
3. ሦስቱ ጎረቤቶች የሰጡት ምክር ስሕተት የሚሆንበትን ምክንያት ከምንባቡ ማስረጃ እየጠቀሳችሁ አስረዱ።
4. ጉዲፈቻ በምን ምክንያት ሊፈርስ ይችላል? በምን ምክንያትስ አይፈርስም?

ለ. የቃላት ጥናት
በሚከተሉት ቃላት የየራሳችሁን ዓረፍተ ነገር ሥሩ፦ ማቀማጠል፣ ይንፈራገጣል፣ ሻካራ፣ ጨቅላ፣ አንቀልባ።

ሐ. የሰዋስው ልምምድ
በምንባቡ ውስጥ «ይሁን እንጂ»፣ «ሆኖም» እና «ስለሆነም» የተባሉትን አያያዦች ፈልጋችሁ፣ እያንዳንዳቸው የሚያገናኟቸው ሐሳቦች ተቃራኒ ወይም የምክንያትና የውጤት መሆናቸውን ለዩ።

መ. የጽሕፈት ልምምድ
በአካባቢያችሁ ወላጆቹን ያጣ ልጅ በዘመድ ወይም በጎረቤት የሚያድግበትን ልማድ ሽማግሌዎችን ጠይቃችሁ፣ የሰው ስም ሳትጠቅሱ በአራት አንቀጾች ገላጭ ድርሰት ጻፉ።