ሽምብራ ቀን አይቆጥርም

ሽምብራ የሚዘራው ዝናቡ ሊሄድ ሲል ነው። ጎንደር አጠገብ ያለው የደንቢያ ገበሬ መስከረም ላይ መረሬውን አርሶ ይዘራዋል፤ ከዚያ ወዲያ ቡቃያው የሚጠጣው መሬቱ ከክረምት ያስቀረውን እርጥበት ነው። ይኸው ዘር መተማ ቢወርድ ቶሎ ያብባል። ለምን ቢሉ፣ «ቆላ ነዋ!» ማለት ይቀላል። ሙቀት አበባን እንዴት እንደሚጠራ ለማወቅ ግን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል።

ፈረንሳዊው ረኦሙር እ.ኤ.አ. በ1735 የየዕለቱን ሙቀት እየደመረ፣ እህል የሚደርሰው ቀን ሲሞላለት ሳይሆን ሙቀት ሲጠራቀምለት ነው አለ። ያማረ ሐሳብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920 አሜሪካውያኑ ጋርነርና አላርድ አናጉት። ቢሎክሲ የተባለውን አኩሪ አተር ጊዜ እያፈራረቁ ቢዘሩት፣ ቀድሞ የተዘራውም ዘግይቶ የተዘራውም መስከረም አካባቢ በአንድ ሰሞን አበበ። ተክሉ የሚጠብቀው የቀኑን ማጠር ኖሯል።

ታዲያ ሙቀት ነው ወይስ ብርሃን? እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የእንግሊዙ ሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች፣ ሮበርትስ፣ ሰመርፊልድና ሃድሊ፣ ሽምብራን ሙቀቱም ብርሃኑም በሚታዘዝበት ክፍል አበቀሉ። እስኪያብብ የፈጀውን ቀን ከሙቀቱ ጋር ሲያስተያዩት መስመሩ ይጎብጣል። ጥያቄውን ገለበጡት፤ «ስንት ቀን ፈጀ?» ማለቱን ትተው «በቀን ምን ያህል ተጓዘ?» አሉ። መስመሩ ቀጥ አለ። ከጎንደር መተማ ስለሚወርድ መኪና ሰዓቱን ትቶ ፍጥነቱን እንደመጠየቅ ነው። በ80 ቀን የሚያብብ ተክል በየዕለቱ ከመንገዱ 80ኛ እጁን ይሄዳል፤ በ40 ቀን የሚያብበው 40ኛ እጁን። ሙቀት ሲጨምር ፍጥነቱ በልኩ ይጨምራል። ቀን ሲረዝምም እንዲሁ፤ ሽምብራ እንደ አኩሪ አተር አጭር ቀን አይወድም።

እኔን የሚገርመኝ ያ ክፍል እኛ ዘንድ ያለ ግድግዳ መኖሩ ነው። ጎንደርም መተማም 13ኛው ዲግሪ ሰሜን አጠገብ ስለሆኑ የቀናቸው ርዝመት አንድ ነው ማለት ይቻላል። ጎንደር ግን 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፣ መተማ 700 ገደማ ላይ። በየ100 ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ሲታሰብ ልዩነቱ ስምንት ዘጠኝ ዲግሪ ይሆናል። ብርሃኑ እኩል ነውና ፍርዱ የሙቀቱ ነው።

መፍጠን ግን ማፍራት አይደለም። የቀንና የሌሊቱ አማካይ ከ15 ዲግሪ ሲወርድ ሽምብራው ያብባል፤ ያቺ ሐምራዊ አበባ ግን ፍሬ ሳትቋጥር ትረግፋለች። ይህ የደጋው ጣጣ ነው። ቀትሩ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ ደግሞ የአበባው ዱቄት ይመክናል፤ ይህ የቆላው ነው። መተማ ታኅሣሥ ላይ እንኳ ቀትሩ ከ30 ያልፋል፤ መጋቢት ሲገባ 40 ይደርሳል። እዚያ የሚያዋጣው ሙቀቱ ሳይብስ የሚያብብ ዘር ነው።

መተማ ላይ ሽምብራ ልሞክር የምትሉ ከዘሩ ጋር ቴርሞሜትር ያዙ። የዘራችሁበትንና የመጀመሪያዋን አበባ ያያችሁበትን ቀን ጻፉ።