ያውቁ ኖሯል? አዲስ አበባ የመርከብ ወደብ ናት

የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ የሚያውለበልቡ የንግድ መርከቦች ከኋላቸው፣ ከስማቸው ሥር፣ የተመዘገቡበት ወደብ ሆኖ የሚጻፈው «አዲስ አበባ» መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለችው ከተማችን!

መርከቦቹን የሚያንቀሳቅሰው የኢትዮጵያ የባሕር ትራንስፖርት ድርጅት የተቋቋመው በ1956 ዓ.ም. ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ ከካዛንቺስ ብዙም ሳይርቅ፣ እዚሁ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ለገሃር አካባቢ ይገኛል። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ አገር ከሆነች፣ የአሰብና የምጽዋ ወደቦችም ከኢትዮጵያ ከተለዩ በኋላ እንኳ መርከቦቹ ከባሕር አልወጡም።

«አባይ»፣ «ጊቤ» እና «ሸበሌ» የተባሉት መርከቦች ስማቸውን የወሰዱት ከወንዞቻችን ነው። ከውጭ አገር የንግድ መርከብ ይገባበት የነበረው ወንዝ ግን ባሮ ነው፤ ውኃው በክረምት ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ተነሥተው ጋምቤላ ድረስ ይዘልቁ ነበር።