ቀስ ብሎ መሮጥም ሥራ ነው፦ ከሱሉልታ እስከ ሰበታ ያለው የሩጫ ሥልጠና ምን ያስተምራል?

ዓለም ገና፦ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ የሚጓዝ ሰው በዓለም ገናና በሰበታ አካባቢ በአስፋልቱ ዳር ተከታትለው የሚሮጡ ወጣቶችን ያያል። በሌላው አቅጣጫ፣ እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ በሚገኘው የሱሉልታ ሜዳም ከብቶች ለግጦሽ ከመሰማራታቸው በፊት ሯጮች ይደርሳሉ። ብዙዎቹ ከአርሶ አደር ቤተሰብ የወጡ ናቸው፤ አንዲት ክፍል ለሁለትና ለሦስት ተከራይተው፣ ሕይወታቸውን በእግራቸው ላይ ጥለው ይኖራሉ።

ከእነዚህ ወጣቶች መካከል ለውጤት የሚበቃው ማን ነው? ከሁሉ በላይ የለፋው ነው የሚል መልስ ቶሎ ይመጣል። የአገራችን የረጅም ርቀት አሠልጣኞች አሠራር ግን ሌላ ነገር ያሳያል። በእነርሱ ዘንድ ትጋት ማለት የታዘዘውን መጠን መፈጸም ነው፤ አለማጉደል ብቻ ሳይሆን አለማሳለፍም ጭምር።

የመጀመሪያው ልኬት ቦታ ነው። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አራተኛ ገደማ ያነሰ ነው። ሰውነት ይህን ጉድለት ለመቋቋም ኦክስጅን ተሸካሚ የሆኑትን ቀይ የደም ሴሎች ቁጥር ይጨምራል። በሌላ በኩል አየሩ ሲሳሳ በከፍተኛ ፍጥነት ለረጅም ጊዜ መሮጥ ያስቸግራል። ስለዚህ አሠልጣኞች የእንጦጦን ዳገትና ጫካ ለጽናት፣ የሱሉልታን ለስላሳ ሜዳ እግር ሳይጎዳ ርቀት ለመሸፈን፣ ዝቅና ሞቅ የሚለውን የሰበታን አስፋልት ደግሞ ለጎዳና ውድድር ፍጥነት ይመርጡታል። ቀነኒሳ በቀለ በሱሉልታ ያስገነባው የመሮጫ መምም የፍጥነት ልምምድን በሰዓት ለመለካት ያገለግላል።

ሁለተኛው ልኬት ጊዜ ነው። በብዙ ቡድኖች ከባድ ልምምድ የሚሠራው በሳምንት ሦስት ቀን ያህል ነው። በመካከል ያሉት ቀናት የቀላል ሩጫ ናቸው። በእነዚህ ቀናት ታላላቅ አትሌቶች ሳይቀሩ ማንም መንገደኛ ሊከተላቸው በሚችል ዝግታ ይሮጣሉ። ምክንያቱም ጡንቻ የሚጠነክረው በልምምዱ ሰዓት ሳይሆን ከልምምዱ በኋላ ሲያገግም ነው። እንቅልፍና ምግብም በዚሁ ምክንያት የሥልጠናው አካል ናቸው።

ሦስተኛው ልኬት ቡድን ነው። ሯጮቹ በሰልፍ፣ አንዱ የሌላውን እግር እየተከተለ ይሮጣሉ፤ መምራቱንም ይፈራረቃሉ። ከአገራችን ሯጮች ጋር እየሠለጠነ ያጠናቸው እንግሊዛዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ማይክል ክሮውሊ እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ልማድ በሰፊው ጽፎታል። ብቻውን የሚሮጥ ሰው ራሱን ማታለል ይቀለዋል። በሰልፍ የሚሮጥ ግን ፈጥኖ ቢወጣም ወደኋላ ቢቀርም ወዲያው ይታወቃል።

ይህን ሥርዓት በማጽናት ረገድ በ2008 ዓ.ም. ያረፉት አሠልጣኝ ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ ስማቸው ከሁሉ ቀድሞ ይነሣል። በሀንጋሪ የተማሩት እኚህ ሰው ደራርቱ ቱሉ፣ ኃይሌ ገብረሥላሴ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ለኦሎምፒክ ወርቅ በበቁበት ዘመን ብሔራዊ ቡድኑን በጥብቅ ሥነ ሥርዓት መርተዋል።

ከዛሬዎቹ መካከል የአሠልጣኝ ገመዱ ደደፎ ሠልጣኞች ታሪክ ትዕግሥት ምን እንደሚያፈራ ያሳያል። ትዕግስት አሰፋ በሪዮ ኦሎምፒክ በ800 ሜትር የተወዳደረች አትሌት ነበረች። ጉዳት ሲያስቸግራት ወደ ጎዳና ሩጫ ተሸጋገረች፤ በመስከረም 2016 ዓ.ም. የበርሊን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ በመግባት በወቅቱ የዓለም ክብረ ወሰን የነበረውን ጊዜ አስመዘገበች። ታምራት ቶላ ደግሞ ለፓሪስ ኦሎምፒክ የተያዘው በተጠባባቂነት ነበር። ሲሳይ ለማ በጉዳት ከቡድኑ ሲወጣ ለውድድሩ የቀረው ሁለት ሳምንት ገደማ ብቻ ነበር። ታምራት ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ ወርቅ አመጣ። የማራቶን ዝግጅት በሁለት ሳምንት አይሠራም። ያሸነፈው እንደሚሮጥ ሳያውቅ በየቀኑ በሠራው ሥራ ነው።

ችግሩ እንዲህ ያለ አሠልጣኝ የሚያገኘው ከብዙዎቹ ጥቂቱ መሆኑ ነው። ክለብ የሌለው ወጣት የኪራይ ቀን ሲቀርብ ይቸኩላል፤ ጠዋት የሠራውን ከባድ ልምምድ ማታ ይደግመዋል፤ የእረፍት ቀኑንም እንደ ስንፍና ይቆጥረዋል። አርሶ አደር ወላጆቹ ግን ይህን ነገር ከእርሻቸው ያውቁታል፦ ጤፍ ማዳበሪያ ከመጠን በላይ ሲበዛበት ይጋሽባል፤ ያለ እረፍት የታረሰ መሬትም ምርቱ ይቀንሳል። የሯጭ ሰውነትም እንዲሁ ነው። በቸኮለ ልምምድ የተጎዳ ጅማት ለወራት ሊያስቀምጥ ይችላል፤ ደመወዝ ለሌለው ወጣት ደግሞ እነዚያ ወራት ወደ ቤተሰቡ ባዶ እጁን መመለስ ማለት ናቸው።

ሌላው ጉዳይ መሬቱ ነው። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ከተጠቃለሉት ከተሞች መካከል ናቸው። ፋብሪካው፣ መኖሪያ ቤቱና አጥሩ በተስፋፋ ቁጥር ገበሬው ግጦሹን፣ ሯጩም ለስላሳ መሮጫውን ያጣል። ሜዳ የሌለው ሯጭ በአስፋልት ላይ ከመኪና እየተጋፋ ሊሮጥ ይገደዳል፤ በጠንካራ መሬት ላይ የሚደጋገም ሩጫም እግርን ይጎዳል። በከተሞቹ ፕላን ውስጥ ለመሮጫ የሚሆን ሜዳ መከለል ስለዚህ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም።

ለጀማሪ ወጣቶች ከአሠልጣኞቹ አሠራር የሚወሰደው ምክር አጭር ነው፦ ከቡድን ጋር ሩጡ፣ ከባዱን ቀን በቀላል ቀን አስከትሉ፣ ሕመም ሲሰማችሁ ቁሙ። በማግስቱ ተነሥቶ ለመሮጥ የሚያስችል ጉልበት አስተርፎ መግባትም ከትጋት ይቆጠራል።