ጋምቤላ ወሬ የምትሆነው መቼ ነው?

ጋምቤላ የሚለው ስም በሬዲዮ ሲጠራ ብዙዎቻችሁ ጆሯችሁን የምታቀኑት ወይ ጥይት ተተኩሷል፣ ወይ ባሮ ሞልቷል፣ ወይ ስደተኛ ገብቷል ብላችሁ ነው። አልተሳሳታችሁም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው። ነገር ግን በአንዱ ዜናና በሚቀጥለው መካከል ያሉት ረጃጅም ወራት የማን ናቸው? የምንኖራቸው እኛ ነን። በእነዚያ ወራት ዓሣ ይወደዳል፣ ይረክሳል። መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል። ሰርግ አለ፣ ቀብር አለ፣ ከባጃጅ ሹፌር ጋር የሂሳብ ክርክር አለ። ከዚህ ሁሉ አንዱም አዲስ አበባ አይደርስም። ስለዚህ ዛሬ በከተማችን ኑሮና ወሬ ላይ እንደ ነዋሪ የታየንን ከእናንተ ጋር ብንጫወት ምን ይመስላችኋል? ጨዋታው መሐል ላይ ቀልድ ወደማይሆን ጉዳይ መግባቱ ግን አይቀርም።

ከሙቀቱ እንጀምር፤ እዚህ ሰው ሁሉ ወሬውን ከሙቀቱ ነውና የሚጀምረው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ500 ሜትር ብዙም በማይበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ናት። ከጎሬና ከመቱ ደጋ የሚወርድ መንገደኛ ጃኬቱን ለብሶ ይነሳና ጋምቤላ ሲደርስ ሸሚዙም ይከብደዋል። በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው። የቆርቆሮ ቤት ያን ጊዜ ምጣድ ነው። ማታ አልጋው ወደ ደጅ ይወጣል፤ ወባ አለችና አጎበሩም አብሮ ይወጣል። መብራት የሄደ ሌሊት ማራገቢያው ቀጥ ይልና የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያለቅሳል። ያን ሌሊት የጎረቤትን ልጅ በካርቶን ክዳን ሲያራግብ ያላደረ የጋምቤላ ሰው ካለ እንግዳ መሆን አለበት።

ረመዳንም በቅርብ ዓመታት የዋለው በዚሁ ወቅት ላይ ነበር። የ2017ቱ ጾም የገባው የካቲት 22 ነው። ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆናችን ቀኑ እንደ አውሮፓ አይረዝምብንም፤ ከፈጅር እስከ መግሪብ ዓመቱን ሙሉ ከ13 እስከ 14 ሰዓት ቢሆን ነው። የሚያስቸግረው ርዝመቱ ሳይሆን ጥማቱ ነው። ጡብ የሚሸከም፣ ጆንያ የሚያወርድ ወንድም ከቀትር በኋላ ምራቁ ሲደርቅ ያየ ሰው ሶብር የሚለው ቃል ትርጉሙ ይገባዋል። ጎረቤቶቻችን አብዛኞቹ ክርስቲያኖች ናቸው። በ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከክልሉ 306,916 ነዋሪዎች ውስጥ ሙስሊሙ ከመቶ አምስት ያህል ብቻ ነበር። ገሚሳችን ከጅማና ከኢሉባቦር ለንግድ የወረድን፣ ገሚሳችን ደግሞ በ1977ቱ ድርቅ ደርግ ከወሎ አንስቶ ያሰፈራቸው ቤተሰቦች ልጆች ነን። ታዲያ በጾሙ ወር ከአኝዋክ እናት ግቢ የማንጎ ሳህን ለኢፍጣር ሲመጣ፣ ሳህኑም በሳምቡሳ ተሞልቶ ሲመለስ የሚደነቅ ሰው የለም። ባዶ ሳህን መመለስ እዚህም ነውር ነው።

ስለ ባሮ ካልተናገርን ደግሞ ጋምቤላን አላወራንም። ወንዙ ከኢሉባቦርና ከወለጋ ተራሮች ወርዶ ከተማችንን ያልፍና ከፒቦር ጋር ሲገናኝ ሶባት ይባላል፤ ሶባትም ከነጭ ዓባይ ይቀላቀላል። በክረምት መርከብ የሚያስኬድ ውሃ ነው። ዳግማዊ ምኒልክና እንግሊዞች ግንቦት 7 ቀን 1894 በተዋዋሉት መሠረት እንግሊዞች በባሮ ዳር ከ400 ሄክታር ያልበለጠ ቦታ ለንግድ ጣቢያ በኪራይ ያዙ። ከዚያ በኋላ ከካርቱም የሚነሱት የእንፋሎት መርከቦች በክረምት ጨውና ጨርቅ ያመጡ ነበር፤ ሲመለሱ ቡና ይጭናሉ። ግሪኩም፣ ሶሪያዊውም፣ ሱዳናዊውም ነጋዴ እዚሁ ወንዝ ዳር ሱቅ ከፈተ። ሱዳን በ1948 ነፃ ስትወጣ የኪራዩ ዘመን አበቃ፤ ቦታውም ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። ያን ጊዜ ጋምቤላ የውጭ ዕቃ የሚገባባት በር ነበረች። ዛሬ ሽንኩርቱም ዘይቱም ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በአይሱዙ ተጉዞ ነው የሚደርሰን። ኢሉባቦር ወይም ወለጋ ላይ መንገድ ተዘጋ ከተባለ በማግስቱ የሽንኩርቱ ዋጋ ራሱ ይነግረናል፤ ሬዲዮ መክፈት አያስፈልግም።

ሰው ባሮ ውስጥ ይታጠባል፣ ልብስ ያጥባል፣ ዓሣ ያጠምዳል፤ አዞ እንዳለበት እያወቀ ልጁም ይዋኛል። ይህን ልማድ አንወደውም፤ ግን የቧንቧ ውሃ በሚጠፋበት ሰሞን ሌላ ምን ይደረግ? በ2017 ኮሌራ በክልሉ ሲገባ ውሃ ማፍላትና እጅ መታጠብ በየቤቱ ተነገረ። ዉዱእ በቀን አምስት ጊዜ የሚያደርግ ሰው ለምክሩ እንግዳ አይደለም፤ ጥያቄው በጀሪካኑ ውስጥ ያለው ውሃ ከየት ተቀዳ የሚለው ነው።

ወንዙ የራሱ አመል አለው። በክረምት ከአልጋው ወጥቶ ሜዳውን ያለብሳል። ኑዌሩ ከብቱን ነድቶ ወደ ከፍታ የሚሸሸው፣ አኝዋኩ ውሃው ሲጎድል በረጠበው ዳርቻ ላይ በቆሎና ማሽላ የሚዘራው ይህን አመል ስለሚያውቅ ነው። ካሩቱሪ የተባለው የሕንድ ኩባንያ 100,000 ሄክታር ያህል መሬት በተሰጠው ጊዜ ጋምቤላ ጥይት ሳይተኮስባት ለመጀመሪያ ጊዜ የዓለም ዜና ሆና ነበር። በ2004 መግቢያ ላይ የኩባንያው በቆሎ ጎርፍ በላው። ውሉም በታኅሣሥ 2008 ተሰረዘ። ስለ መሬት ኪራይ ጥቅምና ጉዳት የተማሩ ሰዎች ብዙ ጽፈዋል። የእኛ አስተያየት አጭር ነው፤ በባሮ ዳር ከሚዘራ በፊት ከወንዙ ጋር የኖረን ሽማግሌ አንድ ስኒ ቡና ጋብዞ መጠየቅ ብዙ ወጪ አያስወጣም።

ከደጋ የሚመጣ ሙስሊም እንግዳ ገበያ ሲወጣ አንድ ነገር ያስገርመዋል። ግንባሩ ላይ የኑዌር ጠባሳ ያለበት ረጅም ሰው በአረብኛ ሲደራደር ይሰማና «ማሻአላህ፣ ሙስሊም ነህ?» ብሎ ይጠይቃል። ሰውየው ሳቅ ይላል፤ ክርስቲያን ነው፤ አረብኛውን ያመጣው ከደቡብ ሱዳን ነው። ከታኅሣሥ 2006 በኋላ በዚያ አገር ጦርነት ሲነሳ ኩሌ፣ ቴርኪዲ፣ ጀዊና ንጉኝዬል የሚባሉት መጠለያዎች ተከፈቱ። ስደተኛው ከ300,000 በላይ ሆነ፤ ይህም በ1999 ከተቆጠረው የክልሉ ሕዝብ ጋር የሚተካከል ነው። አንዳንድ ሰው «ስደተኛ በዛብን» ይላል። ማገዶው መመናመኑ፣ የቤት ኪራዩም መወደዱ እውነት ነው። የዕርዳታው ዘይት ገበያ ላይ የረከሰ ጊዜ ግን ይኸው ሰው ቀድሞ ሲሰለፍ እናየዋለን። ከሐበሻ ንጉሥ ጥላ ሥር የተጠለሉትን ሶሐቦች ታሪክ ለልጆቹ የሚያስተምር ቤተሰብ በዚህ ጉዳይ ላይ ምላሱን ቢሰበስብ ጥሩ ነው።

አሁን ቀልድ ወደማይሆነው እንግባ።

በዚህች ከተማ ከጥይት ይልቅ የሚያስፈራን «እነሱ ናቸው» የሚለው ቃል ነው። ታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ከከተማ ወጣ ብሎ በተጣለ ደፈጣ ስምንት ሰዎች ተገደሉ። አስከሬናቸው ከተማ ገባ። ገዳዮቹ እነማን እንደሆኑ ሳይጣራ ጥፋቱ በአኝዋክ ሁሉ ላይ ተላከከ። ወታደሮችና ከደጋ የመጡ ነዋሪዎች በየሰፈሩ እየዞሩ ገደሉ፣ ቤት አቃጠሉ። የመንግሥት አጣሪ ኮሚሽን የሟቾቹን ቁጥር 65 ሲለው ሂዩማን ራይትስ ዎች እስከ 424 የሚደርስ የስም ዝርዝር ጠቀሰ። በሺዎች የሚቆጠሩት ድንበር ተሻግረው ወደ ሱዳን ሸሹ። ደገኛ ተብለን በአንድ ስም የምንጠራ ሰዎች ይህን ቀን ልጆቻችን ሲጠይቁን ፊታችንን የምናዞርበት ምክንያት የለም።

ነገሩ በተራው ተገለበጠ። ሰኔ 7 ቀን 2014 ታጣቂዎች ከተማዋን አጠቁ፤ ተኩሱ ለሰዓታት ቆየ። ተኩሱ ከቆመ በኋላ ግን ጠላት ደብቃችኋል፣ መረጃ ሰጥታችኋል የተባሉ ሰላማዊ ሰዎች ከየቤታቸው እየተፈለጉ ተገደሉ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በመስከረም 2015 ባወጣው ሪፖርት በክልሉ የጸጥታ ኃይሎች ቢያንስ 50 ሰዎች መገደላቸውን ገለጸ። በዚያኛው ጊዜ የአኝዋክ መልክ፣ በዚህኛው የሚናገሩት ቋንቋ በቂ ማስረጃ ሆኖ ተቆጠረ። ሚያዝያ 7 ቀን 2008 ከድንበር ማዶ የመጡ የሙርሌ ታጣቂዎች ከ200 በላይ ሰዎች ገድለው ከመቶ በላይ ሕፃናት ወስደው ሲሄዱም ቁጣው እዚህ ወደሚኖረው ስደተኛ የዞረበት ጊዜ ነበር። ወሬን ሳያጣሩ ተቀብሎ ወገንን መጉዳት ምን እንደሚያስከትል ሱረቱል ሑጁራትን የቀራ ሁሉ ያውቃል። ማወቁና በጭንቅ ሰዓት መያዙ ግን ሁለት ናቸው።

በጭንቅ ሰዓት ምን እንደሚመስል ላልኖረበት እንንገር። ኒውላንድ ኑዌር የሚበዛበት፣ ኦሚኒንጋ ደግሞ አኝዋክ የሚበዛበት ሰፈር ነው። አንድ ነገር ሲከሰት ሰው ሰፈሩን ይይዛል። ሰዓት እላፊ ይታወጃል። ባጃጅ ይቆማል፣ ሱቅ ይዘጋል። ምጥ የተያዘች ሴት ሆስፒታሉ ከማዶ ሰፈር ስለሆነ ብቻ እቤት ትወልዳለች። በዚህ ሁሉ መሐል ስልኩ አያርፍም። አንዱ የሌላ አገር ፎቶግራፍ ፌስቡክ ላይ ለጥፎ «ዛሬ ጋምቤላ» ይላል፤ ሌላው በቴሌግራም የሟቹን ቁጥር በእጥፍ ያደርገዋል። ከአዲስ አበባና ከውጭ አገር ሆኖ የሚያራግበው ደግሞ ነገ ጠዋት ገበያ ላይ ከእኛ ጋር ስለማይገናኝ አያፍርም። ስለ እሱ ብዙ ማለት እንችል ነበር፤ ቦታ አናባክንበትም።

በእኛ አስተያየት በእንዲህ ያለ ቀን የሚጠቅመው በማዶ ሰፈር በስሙ የምናውቀው፣ ስልኩን የያዝነው አንድ ሰው ነው። «እንዲህ ሆነ ይላሉ፣ ካንተ በኩል ምን አለ?» ብሎ መጠየቅ የሚቻለው ከዚያ በፊት በደህናው ቀን የተዋወቁ እንደሆነ ነው። ወጣቶቻችንን የምንጠይቀው እዚህ ላይ ነው። እዚህ ተወልደው፣ እዚህ ሱቅ ውስጥ አድገው፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ለኑዌርና ለአኝዋክ ደንበኛ ስኳር መዝነው ከቁጥርና ከዋጋ ሌላ አንድ ዓረፍተ ነገር የማይችሉ ልጆች አሉን። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ መሆኑ ሰነፍ አድርጎናል። ጎረቤት ልጁ ትምህርት ቤት በአማርኛ ሲያወራ የእኛው ልጅ ለሰላምታ እንኳ አይጨነቅም። በኑዌርኛ ሰላምታው «ማሌ» ነው፤ ቃሉ ሰላም ከሚለው ጋር አንድ ነው። አሰላሙ ዐለይኩም ብሎ ለሚያድግ ልጅ ይህን መማር ስንት ቀን ይፈጅበታል? አንዳንድ እናቶች ከብዙ ወንዶች ይልቅ በዚህ ቀድመዋል። ወንዝ ዳር ልብስ እያጠቡ፣ ጤና ጣቢያ ወረፋ እየጠበቁ ሦስት ቋንቋ የሚቀላቅሉ እናቶች አሉ። ሰፈር ሲታመስ ማን እንደታመመ፣ ማን ዱቄት እንደሌለው፣ ማን ተደብቆ እንዳለ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ሽምግልና ሲጠራ ግን ወንበር ላይ የምናየው ወንዱን ብቻ ነው፤ ይህ ለምን እንደሆነ አልገባንም።

ሌላ ሌላው ወሬያችን ያው የተለመደው ነው። ይህን ስንጽፍ ባሮ መድፈረስ ጀምሯል። ውሃው ሲደፈርስ ዓሣ አጥማጁ ይቸገራል፤ ስለዚህ ዓሣ ተወዷል፤ አምባዛ እንኳ እንደ ድሮው በቀላሉ አይገኝም። ማንጎ አልቋል። ወንዝ ዳር ያሉ ቤተሰቦች ዕቃቸውን ከአሁኑ ወደ ላይኛው ሰፈር ዘመድ ማመላለስ ይዘዋል፤ በእኛም ግቢ ሁለት ጆንያ በቆሎና አንድ የቆርቆሮ ሳጥን በአደራ ተቀምጧል። ባለቤቱ ውሃው ሲጎድል ይወስደዋል፣ ኢንሻአላህ።