ሦስት አገር፣ ሦስት በር

ጣርማ በር ላይ ቆሞ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ያየ ሰው፣ በተራራ አገር «በር» ምን ማለት እንደሆነ አስረጂ አይሻም። ወዲህ አንድ ዓለም፣ ወዲያ ሌላ ዓለም ነው፤ ነፋሱም ጭጋጉም በጥቂት እርምጃ ይለወጣል። የአልፕስ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች እንዲህ ያለውን ቦታ «ኮል» ይሉታል፤ ቃሉ ከአንገት የመጣ ነው። አንዳንዱንም «ፌኔትር»፣ መስኮት፣ ብለውታል። ቱር ዱ ሞን ብላን ከእንዲህ ያለ በር ወደ ሌላ በር እየተሻገረ፣ ከአልፕስ ተራሮች የሚበልጠውን ሞን ብላንን የሚዞር የእግር መንገድ ነው።

ይዞረዋል እንጂ አይወጣውም። ሞን ብላን ከ4,800 ሜትር በላይ ነው፤ ተጓዡ ግን ከፍ ቢል ቢል 2,665 ሜትር ደርሶ ይወርዳል። የእንጦጦ ጫፍ ከዚህ ይበልጣል። ይህን ሰምቶ መንገዱን የሚንቅ የአገሬ ሰው ቢኖር አይፈረድበትም፤ ግን ይሳሳታል። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን በሰሜን ተራሮች ከ3,000 ሜትር በላይ ገብስ ይዘራል። አልፕስ ላይ 2,000 ሜትርን ትንሽ አለፍ ሲሉ ዛፍ ያልቃል፤ ከዚያ ሣር፣ ከዚያ ድንጋይ፣ ከዚያ የበረዶ ግግር ነው። መንገዱ የሚኬደው ለእኛ ክረምት በሆነበት፣ ለእነሱ ግን በጋ በሆነበት ወቅት፣ ከጁን አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ ነው። በጁን መጨረሻ እንኳ ከፍ ባሉት በሮች ላይ የከረመ በረዶ ሊቆይ ይችላል።

ርዝመቱ 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዳገቱ ሁሉ ቢደመር 10,000 ሜትር ያህል ይሆናል፤ ከባሕር ወለል ተነስቶ ሞን ብላንን ሁለት ጊዜ ከመውጣት አያንስም። ቁልቁለቱም ያንኑ ያህል ነው፤ ጉልበትን የሚጎዳውም እሱ ስለሆነ አብዛኛው ሰው ሁለት ምርኩዝ ይዞ ይሄዳል። የተለመደው ጉዞ 10 ወይም 11 ቀን ይፈጃል። ከ2003 ጀምሮ በኦገስት መጨረሻ ይህንኑ ዙሪያ የሚሮጡ አሉ፤ ከአሸናፊዎቹም ከ20 ሰዓት በታች የገቡ ይገኛሉ። ሩጫውን አደንቃለሁ። መንገዱ የሚገባው ግን ቀስ ብሎ ለሚሄድ ነው ብዬ አምናለሁ። ጣርማ በር ከሥሩ ዋሻ እንዳለው ሁሉ ሞን ብላንም በ1965 የተከፈተ 11.6 ኪሎ ሜትር የመኪና ዋሻ አለው፤ ከፈረንሳይዋ ሻሞኒ ወደ ጣሊያኗ ኩርማየር በደቂቃዎች ያሻግራል። እግረኛው ግን እዚያ ለመድረስ አራት ቀን ያህል ይሄዳል።

ዙሪያው ከጫፉ በፊት የታወቀ ነው። የጄኔቫው የተፈጥሮ ሊቅ ኦራስ ቤኔዲክት ደ ሶሲዩር በ1760 ሻሞኒ ደርሶ፣ ወደ ጫፉ መውጫ ለሚያገኝ ሰው ሽልማት እንደሚሰጥ ተናገረ። በ1767 ራሱ ተራራውን ዞረ። ዣክ ባልማ የተባለ የማዕድን ድንጋይ ለቃሚና ሐኪሙ ሚሼል ጋብሪየል ፓካር ጫፉ ላይ የወጡት ግን ኦገስት 8 ቀን 1786 ነው። እርግጥ ከሊቁም በፊት እረኞች ነበሩ። በበጋ ከብቶቻቸውን ወደ ላይኛው ግጦሽ የሚነዱ፣ እዚያው አልበው አይብ የሚያደርጉ ሰዎች በረገጡት መንገድ ላይ ነው ዛሬ ቱሪስቱ የሚሄደው። አሁንም የላሟ ቃጭል ላሟ ከመታየቷ በፊት ይሰማል።

ብዙው ሰው ከሻሞኒ በታች ካለችው ሌ ዙሽ ተነስቶ በደቡብ በኩል ይዞራል። የመጀመሪያው የድንበር በር ኮል ደ ላ ሴኝ ነው፤ 2,516 ሜትር። ኬላ የለም፤ የድንጋይ ክምር አለ። ከዚህ ወዲህ የወረደው ዝናብ በሮን ወንዝ ወደ ሜዲትራኒያን፣ ከዚያ ወዲያ የወረደው በፖ ወንዝ ወደ አድሪያቲክ ይሄዳል። «ቦንዡር» ያለው መንገደኛ «ቦንጆርኖ» ማለት ይጀምራል። ጥቂት ቀን ቆይቶ በግራን ኮል ፌሬ፣ 2,537 ሜትር ላይ፣ ወደ ስዊዘርላንድ ይገባል። አንድ የሸንገን ቪዛ ለሦስቱም አገሮች ይበቃል፤ ገንዘቡ ግን ከዩሮ ወደ ፍራንክ ይለወጣል።

የስዊዞቹን ምልክት በጣም ወድጄዋለሁ። ቢጫው ሰሌዳ የሚጽፈው ኪሎ ሜትር ሳይሆን ሰዓት ነው፤ እዚያ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ከዚያ አንድ ሰዓት። ባላገር «የግማሽ ቀን መንገድ ነው» ሲል የሚናገረው እውነት ይኸው ነው። ተራራ ላይ ኪሎ ሜትር ለመንገደኛ ብዙም አይነግረውም።

መንገዱን መንገድ ያደረገው ግን ማደሪያው ነው። ፈረንሳዮች «ሬፉጅ»፣ ጣሊያኖች «ሪፉጆ» ይሉታል፤ መጠጊያ ማለት ነው። ጫማ በር ላይ ይወልቃል፤ ጭቃው ወደ ውስጥ አይገባም። መኝታው አብዛኛውን ጊዜ በጋራ ነው፤ ብርድ ልብስ ይሰጣል፣ ስስ የመኝታ ከረጢት ግን እንግዳው ይዞ ይመጣል። እራት ለሁሉም አንድ ነው፤ ሾርባው በትልቅ ሳህን ይመጣና የማይተዋወቁ ሰዎች ከአንድ ገበታ ይጨልፋሉ። ቦታ ከወራት በፊት ካልተያዘ አይገኝም። እግሩ የደከመ ሰው እዚያ ጠረጴዛ ላይ የሚያገኘውን ወዳጅነት ሆቴል ውስጥ አያገኘውም። ጠዋት ሁሉም በጊዜ ይነሳል፤ የበጋ ነጎድጓድ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ በሩን ቀድሞ ማለፍ ይሻላል።

ሦስተኛው በር ኮል ደ ባልም ነው። እዚያ ሲደርሱ ሞን ብላን እንደገና ፊት ለፊት ይመጣል፤ የቀረው ከሻሞኒ ሸለቆ ማዶ ያለው ተረተር ነው። በአንድ ገደል ላይ መንገዱ በብረት መሰላል ይወጣል። ከዚያ በላይ፣ ላክ ብላን በተባለው ሐይቅ አካባቢ፣ የአልፕስ አይቤክስ ይታያል። ይህ እንስሳ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአደን ሊጠፋ ምንም አልቀረውም ነበር፤ የተረፈው በጣሊያን ግራን ፓራዲሶ ተራሮች ነው። ንጉሥ ቪቶሪዮ ኤማኑኤሌ 2ኛ በ1856 ቦታውን የግል ማደኛው አድርጎ ሌላ አዳኝ ከለከለ፤ በ1922 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። ዛሬ በአልፕስ ሁሉ የሚታዩት የእነዚያ ዘሮች ናቸው። ወደ ኋላ የተቆለመመውን ቀንድ፣ በገደል አፋፍ ላይ ያንን ረጋ ያለ አቋቋም ያየ ኢትዮጵያዊ ስሙን ሳይጠይቅ ያውቀዋል። የዋልያ ዘመድ ነው።