ወደ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ለሚዛወሩ ቤተሰቦች፦ ልጆችን የት እናስገባ?

በሥራ ዝውውር ወይም በንግድ ወደ ነፋስ መውጫ፣ አርብ ገበያ፣ ወገዳ ወይም መካነ ኢየሱስ የሚሄድ ሙስሊም ቤተሰብ እንደ አዲስ አበባ «አወሊያ ይሻላል ወይስ ሌላ?» እያለ የሚያማርጥበት ዕድል ጠባብ ነው። ልጁ የሚገባው በአብዛኛው መንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ይህ ሊያስደነግጠን አይገባም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ እንዲሆን ያዛል፤ አንቀጽ 27 ደግሞ ልጆችን በእምነታችን የማሳደግ መብት ይሰጠናል። ዲኑን ማስተማር የእኛ ድርሻ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ቤት ከመከራየታችሁ በፊት ስለ ፈረቃ ጠይቁ። አስተማሪ ሳለሁ ስለ ውጤት እንጂ ስለ ፈረቃ የሚጠይቅ ወላጅ ብዙም አልገጠመኝም። ልጁ ጠዋት ከተማረ ቁርኣን የሚቀራው ከሰዓት ነው፤ ፈረቃው በየሳምንቱ የሚቀያየር ከሆነ ግን ከኡስታዙ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል። ጁምዓም አለ፦ የመንግሥት ቢሮ ዓርብ ከ5:30 እስከ 7:30 ያርፋል፣ የከሰዓት ፈረቃ ግን በዚያው መሐል ሊጀምር ይችላል። ይህንንም፣ የሴት ልጃችሁን ሂጃብ ጉዳይም ከርእሰ መምህሩ ጋር ከምዝገባ በፊት ጨርሱ፤ መስከረም ላይ በር ላይ ከመከራከር ይሻላል።

መሸኛና የውጤት ካርድ ሳትይዙ አትነሱ። 9ኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ካላችሁ ከተማው ላይ ተቀመጡ፤ የገጠር ተማሪ ብዙውን ጊዜ ለሁለተኛ ደረጃ ከተማ ቤት ተከራይቶ፣ ስንቅ እያመላለሰ ነው የሚማረው። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተከሰተው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ስለነበር፣ የመረጣችሁት እያስተማረ መሆኑን እዚያው ላለ ጀማዓ ደውላችሁ አጣሩ።