ፎርማጆ የቀለጠበት ዳቦና የምግብ አሠራር አጻጻፍ ታሪክ

በእንግሊዝ አገር ለቁርስ ወይም ለማታ ከሚቀርቡት ቀላል ምግቦች አንዱ ፎርማጆ የቀለጠበት የተጠበሰ ዳቦ ነው። ዳቦና ፎርማጆ እሳትም ያገኘ ሰው ሁሉ ማንም ሳያስተምረው ሊሠራው የሚችል ይመስላል። ይሁን እንጂ ይህ ትንሽ ምግብ ከ250 ዓመት በላይ በመጻሕፍት ተደጋግሞ ተጽፏል፤ አጻጻፉም አንድ ዓይነት አይደለም። ልዩነቱን የተከታተለ ሰው፥ የምግብ አሠራር ለማን እንደሚጻፍና ጸሐፊው ምን ያህሉን ሳይናገር እንደሚያልፍ ለመረዳት ይችላል።

ከታወቁት የምግብ አሠራር ጽሑፎች እጅግ ጥንታውያን ከሚባሉት ውስጥ፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1730 ዓመት ገደማ በባቢሎን አገር በሸክላ ላይ የተቀረጹት ይገኙባቸዋል። ዛሬ የሚጠበቁት በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ ነው። በአንደኛው ሸክላ ላይ 25 ዓይነት ወጥ ተዘርዝሯል። ሥጋው፥ ስቡ፥ ሽንኩርቱ በስም ተጠርቷል፤ መጠኑና በእሳት ላይ የሚቆይበት ጊዜ ግን በአብዛኛው አልተነገረም። ጽሑፉ ለሚያውቅ ሰው ማስታወሻ ነበር እንጂ ለማያውቅ ሰው ትምህርት አልነበረም።

ሮማዊው ካቶ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ160 ዓመት ገደማ ስለ እርሻ በጻፈው መጽሐፍ፥ ለአማልክት መባ ይሆን የነበረውን የአይብ ኅብስት ሲገልጽ ቁጥር ጨምሮበታል። 2 ሊብራ አይብ በሙቀጫ ይደቅቃል፤ (ሊብራ የኪሎ ሢሶ ያህል ነው፤) 1 ሊብራ የስንዴ ዱቄት፥ ለስለስ እንዲል የተፈለገ እንደ ሆነም ግማሽ ሊብራ የላመ ዱቄት ይገባበታል፤ በ1 እንቁላል ይታሻል፤ ከዚያም በቅጠል ላይ ተደርጎ፥ ሸክላ ተደፍቶበት፥ ቀስ ብሎ ይጋገራል። «ቀስ ብሎ» ማለት ምን ያህል እንደ ሆነ ግን ካቶም ለጋጋሪው ትቶታል።

ወደ ዳቦውና ወደ ፎርማጆው እንመለስ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1747 ዓ.ም. ወይዘሮ ሐና ግላስ ስማቸውን ሳይገልጹ በለንደን ባሳተሙት መጽሐፍ፥ የስኮትላንድ፥ የዌልስና የእንግሊዝ «ጥንቸል» የተባሉ ሦስት ዓይነት አሠራሮች ይገኛሉ። ስሙ ቀልድ ነው እንጂ የጥንቸል ሥጋስ የለበትም። ለዌልሱ፥ ዳቦው በሁለቱም ወገን ይጠበሳል፤ ፎርማጆው በአንድ ወገን ብቻ ተጠብሶ በዳቦው ላይ ይጋደማል፤ ሌላው ወገን በጋለ ብረት ይጠበሳል፤ የወደደ ሰናፍጭ ይቀባዋል። ለእንግሊዙ ግን ዳቦው አስቀድሞ በቀይ ወይን ጠጅ ይርሳል። ወይዘሮ ግላስ የጻፉት ለቤት ሠራተኞች ስለ ነበረ ቋንቋቸውን ሆን ብለው ቀለል አድርገውታል። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ባለሙያው በልቡ ይዞት የነበረው ዕውቀት ፊደል ለቆጠረች ገረድ ተሰጠ። ሆኖም ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ እርሳቸውም አልጻፉም።

ጊዜውን የጻፉት ከመቶ ዓመት በኋላ የመጡት ናቸው። ወይዘሪት ኤሊዛ አክተን በ1845 ዓ.ም. የሚያስፈልገውን ሁሉ ከነመጠኑና ከነጊዜው ለይተው በየአሠራሩ መጨረሻ ዘረዘሩ፤ ወይዘሮ ኢዛቤላ ቢተን በ1861 ዓ.ም. ዝርዝሩን ወደ መጀመሪያው አመጡት። በቢተን መጽሐፍ የዳቦው ውፍረት ግማሽ ኢንች፥ ፎርማጆው የሚቀልጥበት ጊዜ 5 ደቂቃ ገደማ፥ ለአንድ ሰውም አንድ ቁራጭ ተብሎ ተወስኗል። ግን 5 ደቂቃው የሚሠራው በየትኛው እሳት ነው? ከፍሙ ምን ያህል ርቆ? እዚህ ላይ መጽሐፉ ዝም ይላል።

በኢትዮጵያም ተመሳሳይ ነገር በአይብ ላይ ይታያል። አይብ የሚወጣው አሬራውን በለሰለሰ እሳት በማሞቅ ነው፤ እሳቱ ሲበረታ አይቡ ይደርቃል፥ ሲያንስ ደግሞ ከአጓቱ በሚገባ አይለይም። ልጅቱ ይህን የምትማረው ከእናቷ አጠገብ ተቀምጣ፥ በእጇ እየዳሰሰች ነው። «ለብ ሲል» የሚለው ቃል ለእርሷ የታወቀ ልክ ነው፤ ከማጀት ገብቶ ለማያውቅ አንባቢ ግን ምንም አይለካለትም። ስለዚህ የአይብን አሠራር ሊመዘግብ የሚነሣ ሰው የአሬራውን መጠን ብቻ ሳይሆን፥ ድስቱ ሸክላ ወይም ብረት መሆኑን፥ ማገዶው ምን እንደ ሆነ፥ ከእሳት ሲወርድም አይቡ ምን መልክ እንደ ነበረው ባለሙያዋን ከሥር ከሥር እየጠየቀ መጻፍ ያስፈልገዋል።